ያልፈለገ አይግዛ

ደመወዝ በገባ ማግሥት የአገሪቱን ግብር አፍርሶ እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው በእናንተም ከተማ አይጠፋም። በእኛ በሸዋ ሮቢት ጋሼ ተሾመ አሉ። እስካሁን ለምን ሚኒስትር እንዳልሆኑ አይገባኝም። የእህቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በር ላይ ጥላ ፍለጋ ይቀመጡና፣ የሮቢት ሙቀት ያነሰ ይመስል እሳቸው ይጨምሩበታል።

«የደመወዝ ግብር ይቅር! ግብር ሁሉ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ይሁን። የገዛ ይከፍላል፣ ያልፈለገ አይግዛ።»

«ደመወዝ የሌለውስ፣ ጋሼ?» ትላለች እህቴ።

«እሱማ ይቆጥባ! ማን ግዛ አለው?»

ይህን ሲሉ እንዴት ደስ እንደሚላቸው ብታዩ! እኔ አንገቴን ደፍቼ ጨርቅ አጥፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከቀወት ገጠር መጥተው አቡጀዲ ጠየቁ። ጋሼ ተሾመ ዳኛ ያገኙ መሰላቸው።

«አባቴ፣ እስቲ ይፍረዱን። በዚህ ጨርቅ ላይ ግብር ተጨምሮ ቢወደድ ይተዉታል፣ አይደል?»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩዋቸው።

«እንዴት አድርጌ እተወዋለሁ? ልጄ ሆስፒታል ሞቶብኝ መገነዣ ልገዛለት ነው።»

ጋሼ ተሾመ ከመቀመጫቸው ተነሡና የጨርቁን ጫፍ ያዙ። እህቴ በሜትር መለካት ጀመረች። ልትቆርጥ መቀሱን ስታነሣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ።

«ትንሽ ጨምሪለት፣ እናቴ። ልጄ ረጅም ነው።»