ሊቀ ቅነሳ ጋሽ ወልደጻድቅ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው የጨመረውን ሲቀንስ የሚውል አንድ ሰው አይጠፋም። ሐዋሳ ውስጥ ለነበረ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የደረሱት ሊቀ ቅነሳ ጋሽ ወልደጻድቅ ነበሩ። የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ረዳታቸውን ታቢታን አንዲት ጥያቄያቸው አንገሽግሻታለች፦ «ይቺ ምን ትሠራለች?»

በሰርኪዩት ዕቃ ላይ ብቻ ቢጠይቁ ደግ ነበር። የታቢታ ሠርግ ላይ አራተኛዋን ሚዜ እያዩ ጠየቁ። የእድራቸውን ምክትል ሊቀ መንበር ፊት ለፊት «እርስዎስ ምን ይሠራሉ?» ብለው ተቀያየሙ።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው መሬት ውስጥ የተቀበረ የስልክ ኬብል የት ላይ እንደተበጠሰ የምትናገር መሣሪያ ነበረች። ምልክት ትልካለች፤ ምልክቱ ከተበጠሰው ቦታ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ወደ ቁጥር ትለውጣለች። የመጀመሪያዋ ጠረጴዛ ሙሉ ነበረች፤ ባትሪም አይበቃትም።

«ባትሪ የሚበላ ፈጣን ቆጣሪ ለምን እንቀልባለን?» አሉ። «ሌላ ምልክት በተሰለፉ የኤሌክትሮኒክስ በሮች ውስጥ ይሩጥ፤ እያንዳንዱ በር እኩል ያዘገየዋል። የላክነው ሲመለስ ስንተኛው በር ደርሷል? ቁጥሩ እሱ ነው።»

እየነቀሉ እየነቀሉ በመዳፍ የምትያዝ፣ በሁለት ድንጋይ የምትሠራ አደረጓት። የበየደቻት ታቢታ ናት።

ከዚያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። ኮሚቴው እያንዳንዱን የሥራ መደብ «ምን እሴት ይጨምራል?» እያለ ገመገመ። ከክፍሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ብቻ ይቀራል ተባለ። ታቢታ በዲፕሎማዋ ከእሳቸው ከኢንጂነሩ ጋር እንደማትወዳደር ታውቃለች፤ ልጆቿን አስባ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ወልደጻድቅ ተነሡ።

«መሣሪያዋን እሷም ትሠራታለች፣ እኔም እሠራታለሁ። ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው ትርፍ ነው። አውጡኝ።»

ኮሚቴው አርአያ ናቸው ብሎ አጨበጨበ። ይቅሩ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

«ማን ጠየቀዎት?» አለቻቸው ታቢታ በሩ ላይ።

«አንቺን ብቀንስ ማን ይበይዳል?» ብለው ሄዱ። ደህና ሁኚ እንኳ አላሉም፤ ትርፍ ነዋ! ያን ቀን ጠላቻቸው።

መሣሪያዋ «ትጠና» ተብላ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆለፈባት። በዚያው ክረምት ባህል አዳራሽ አጠገብ ኬብል ተበጥሶ ቦታው ሲፈለግ መንገዱ ከዳር እዳር በዶማ ተቆፈረ። ታቢታ በጭቃው መሀል እየዘለለች ወደ ሥራዋ ስትገባ አለቀሰች።

በዓመቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ መጣ። ጥግ ላይ ማንም የማይቀመጥባት በርጩማ አየ።

«ይቺ ምን ትሠራለች?»

ታቢታ የመበየጃውን ብረት አስቀመጠች።

«ጋሼን ትጠብቃለች» አለችው። «እንዳትነካት!»