የኦቦ ቶሌራ ማርሚታ

«ጋራዥ ምን ያደርጋል? እኔው እሠራዋለሁ» የሚል ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ። ነቀምቴ ላይ ኦቦ ቶሌራ ያልፈታው ዕቃ የለም፤ መልሶ የገጠመው ግን ጥቂት ነው።

የመኪናው ማርሚታ፣ ያ የሞተር ድምፅ ማፈኛው፣ ዝጎ ወደቀና መኪናዋ እንደ እህል ወፍጮ ማጓራት ጀመረች። ይሁን እንበል። ግን እኛ ሽማግሌዎቹ ለወንድ ልጁ ሚስት ልንጠይቅ ቢላ ከተማ የምንሄደው በእሷው ነው። ሴት ልጁን ቶሎ ሰጠ እንዳይባል አባት ከሽማግሌ መሸሹ ደግሞ ያለ ነው። ሁለት ጊዜ ሄድን፤ ሁለቱንም ጊዜ የልጅቷ አባት ገና ከዳገቱ ሰምተውን በጓሮ ወደ ቡና ማሳቸው ሾለኩ።

ኦቦ ቶሌራ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ብየዳ ተማረ። የመጀመሪያው ማርሚታ ከግቢ ሳንወጣ ወደቀ። ሁለተኛው ጭሱን ወደ እኛ መለሰው፤ ሽማግሌ እያሳለው ሚስት ይጠይቃል እንዴ? ሦስተኛውን ከአሮጌ የውሃ ቱቦና ከበርሜል ላሜራ በየደው። ቁልፉን ሲያዞር ምንም አልሰማሁም።

«አልተነሳችም» አልኩት።

«ተነስታለች፤ ግባ!»

ቢላ ስንደርስ ውሻው እንኳ አልጮኸም። አባትየው ደጃፋቸው ላይ ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር።

«አካም ቡልተን?» አልናቸው በአንድ ድምፅ።

ዓይናቸው ሳሙና ሞልቶት በየት ይሽሹ? ልጅቷን ሰጡን!

በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን የሚያይ ጠፋ። ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ የኦቦ ቶሌራን መኪና ከቦ ቆሟል። ከሥሯ ተጋድመው ማርሚታውን የሚደባብሱት ግን የሙሽራዋ አባት ነበሩ። ለካ እሳቸውም ያልዳሩት ወንድ ልጅ አላቸው።