የጋሽ ገብረሚካኤል ድድ የታየበት ስብሰባ

ሐሙስ ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም. የጽሕፈት ቤቱ የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ በቦንጋ፣ በኃላፊው ቢሮ ተሰበሰበ። ለ2:30 ተጠርቶ 3:40 ተጀመረ።

የተገኙ፦ አቶ ኃይለሚካኤል (የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ አልጣሽ (መዝገብ ቤት)፣ አቶ ገብረሚካኤል (ንብረት ክፍል፣ ከዚህ በኋላ ጋሽ ገብረሚካኤል)፣ አቶ ተማም (ጸሐፊ)። በባለሙያነት የተጋበዙ፦ ሲስተር ሙባረካ። ከሰባት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ድድና ስትሮክ

ሲስተር ሙባረካ የድድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ስትሮክ በርከት ብሎ እንደሚታይ፣ አንዱ ሌላውን ያመጣል ተብሎ ግን ገና እንዳልተረጋገጠ፣ ቢሆንም የሚደማ ድድ ዝም እንደማይባል፣ ደም ግፊትም መለካት እንዳለበት አስረዱ። ሰብሳቢው «ካልተረጋገጠ ለምን አጀንዳ ሆነ?» ሲሉ ጠየቁ። ስትሮክ በዘንድሮው ዕቅድ ስላልተያዘ ለከርሞ እንዲተላለፍ ከረጅም ውይይት በኋላ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የፈቃድ ጥያቄ

ጋሽ ገብረሚካኤል ድዳቸው መድማት ከጀመረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ጥሬ ሥጋ መብላት እንደተዉ፣ ጅማ ሄደው ለመታከም የሦስት ቀን ፈቃድ ሲጠይቁም ይህ አራተኛቸው መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው ለአንድ ሰው ድድ ፈቃድ ቢሰጥ በማግስቱ የሠራተኛው ድድ ሁሉ እንደሚደማ፣ ጥያቄውም የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት እንዳለበት ጠቁመው፣ ጉዳዩ በአንድ ለአምስት እንዲገመገም አቅጣጫ አስቀመጡ።

ጋሽ ገብረሚካኤል «ያመመኝ ድዴ ነው እንጂ አመለካከቴ አይደለም» አሉ።

ወ/ሮ አልጣሽ ድድ ከተነሳ አይቀር፣ ፋይል ሊያስፈርሙ ሲገቡ የሰብሳቢው የአፍ ጠረን በር ላይ እንደሚቀበላቸው ተናገሩ። ንግግሩ በቃለ ጉባኤ እንዳይሰፍር ተወሰነ። ፈቃዱም ተከለከለ።

አጀንዳ 3፦ የአፍ ምርመራ

ሰብሳቢው ስማቸውን ለማጥራት ራሳቸው እንዲመረመሩ ጠየቁ። ሲስተር ሙባረካ በእጅ ባትሪ አይተው ድዳቸው አብጦ መግል መያዙን፣ ደም ግፊታቸውም 200 በ115 መሆኑን ገልጸው አሁኑኑ ሆስፒታል እንዲሄዱ አሳሰቡ። ሰብሳቢው ስብሰባ ጥሎ መውጣት ለሠራተኛው መጥፎ አርአያ ነው ብለው ቀጠሉ። 4:50 ላይ አቅጣጫ በመስጠት ላይ ሳሉ ምላሳቸው ተሳሰረ። ምን እንዳሉ ባይሰማም እንደተለመደው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሲስተር ሙባረካ የሰብሳቢው አፍ መጣመሙንና ቀኝ እጃቸው መዛሉን አሳይተው «ይኼ ስትሮክ ነው፤ መኪና አምጡ» አሉ። ሾፌሩ ያለ ኃላፊው ፊርማ መኪና እንደማያንቀሳቅስ አስታወቀ። ለኃላፊው ብዕር ተሰጣቸው፤ ከእጃቸው ወደቀ። ጋሽ ገብረሚካኤል ኮሚቴው ሳይፈቅድላቸው ሰብሳቢውን አቅፈው አውጥተው ከሲስተር ሙባረካ ጋር በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ይዘዋቸው ሄዱ። ወ/ሮ አልጣሽ አለቀሱ።

6:20 ላይ ሲስተር ሙባረካ ከሆስፒታል ደውለው ሰብሳቢው ሕይወታቸው መትረፉን፣ ለተጨማሪ ሕክምና ግን ወደ ጅማ እየተላኩ መሆኑን ነገሩን።

የመጨረሻ ውሳኔ

የቀረነው ሁለት አባላት ምልዓተ ጉባኤ ባንሞላም፣ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ ሰብሳቢው ብለውት ያልተሰማው ጭምር፣ እንዲሻር ወስነናል። በመሆኑም የወ/ሮ አልጣሽ ንግግር ከላይ ሰፍሯል። ለጋሽ ገብረሚካኤልም ፈቃዱ ተሰጥቷል።

ስብሰባው 7:10 ላይ ተበተነ። ውሳኔው በስልክ ሲነገራቸው ጋሽ ገብረሚካኤል ሰብሳቢውን ደግፈው በጅማ መንገድ ጊምቦን ካለፉ ቆይተዋል።