ማርስም ይግደረደራል

እምቢታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እምቢ ማለት ነው። ሁለተኛው ከእሺ በፊት የሚመጣው ነው። በእኛ ዘንድ ወግ ያለው ሰው ብላ ሲሉት፣ ሆዱ እየጮኸም ቢሆን፣ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ጋባዡ ይህን ስለሚያውቅ «በሞቴ» ይላል። እንግዳው «ኧረ ተወኝ» ይላል። በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። እርስዎም አድርገውታል፤ አይደብቁኝ። በመጀመሪያው ጥሪ ዘው ያለ ሰው ስሙ ሆዳም ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ትርሲት ናት። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሮቢንስዴል ከተማ ካለ ሆስፒታል የማታ ሺፍት ስለምትሠራ፣ ሆፕኪንስ ባለው አፓርትማችን እራቴን ከማይክሮዌቩ ጋር እበላለሁ። እሱ ሲጮህ እኔ «እሺ፣ ሰማሁ» እለዋለሁ። የማታው ጨዋታ ይኸው ነው።

ታዲያ በጥር፣ ገና አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን በሚጨልምበት ሰሞን፣ ቆሻሻ ልጥል ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩ። ከበታቻችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ካርል ሦስት እግር ያለው ቴሌስኮፕ ተክሎ ቆሟል። ካርል እኩያዬ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሱም ብቻውን ነው። እኔ እንግሊዝኛ የለኝ፣ እሱ አማርኛ የለው፤ ሊፍት ውስጥ ራስ ስንነቀንቅ ኖረናል። በምሥራቅ በኩል፣ ከሱቆቹ ጣሪያ በላይ፣ ፍም የመሰለ ኮከብ ጠቆመኝ።

«ማርስ» አለ። ዞር ብሎም ቦታ ለቀቀልኝ። «ካም፣ ሉክ።»

ልቤ ሄደ። አፌ ግን ያደገበትን አደረገ። «ኖ፣ ኖ። ታንክ ዩ።»

ከዚያ ሁለተኛውን ጥሪ ልጠብቅ ቆምኩ። ካርል «ኦኬ» ብሎ ዓይኑን መልሶ ቴሌስኮፑ ላይ ደፋ። ኦኬ። በቃ።

ከዚያ ወዲያ ቆሻሻ በዛብኝ። ሰማዩ በጠራ ቁጥር አንዲት የሙዝ ልጣጭ በፌስታል ይዤ እወርዳለሁ። ካርል ራሱን ይነቀንቃል፤ አይጠራኝም።

«አባዬ፣ እዚህ አገር ኖ ካልክ ኖ ነው» አለችኝ ትርሲት። «ማን ቆሞ ይለምንሃል?» ማርስም በየሳምንቱ እየራቀ ነው፤ አንዴ ከራቀ እንደዚህ የሚቀርበው ሁለት ዓመት አልፎ ነው አለችኝ። በእኔ ዕድሜ ሁለት ዓመት ቀጠሮ አይያዝበትም።

በማግስቱ ልጣጭ ሳልይዝ ወረድኩ። «ሉክ፣ ፕሊስ» አልኩት፤ ትርሲት ያስጠናችኝ ነው። የካርል ፊት በራ።

ጎንበስ ብዬ ባይ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ሳንቲም የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ለዚህ ነው? ቀና ልል ስል ካርል ትከሻዬን ያዝ አደረገ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ትንፋሼ መስታወቱን እንዳያደበዝዝ አፌን በስካርፍ እንድሸፍን አሳየኝ። ማርስ ከመስታወቱ እየሸሸ ሲወጣ እሱ ቴሌስኮፑን በጣቱ ገፋ እያደረገ ይመልስልኛል። ቆየሁ። ድንገት አየሩ ረጋ። ማርስ ክብ ሆነ፤ ሆዱ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ፣ ጠርዙ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ነገር።

«ዋይት» አልኩ።

«አይስ» አለ ካርል፣ የፓርኪንጉን በረዶ በጫማው እየመታ።

ከዚያ ሁሉም እንደገና ተንቀጠቀጠ። ለካ ማርስም ይግደረደራል። ደጋግመው ካልለመኑት ፊቱን አያሳይም።

ይህን ያሳየኝን ሰው እንዲሁ መሸኘት ነውር ነው። ወደ ፎቃችን ጠቁሜ እጄን ወደ አፌ አደረግሁ፤ ይህ የማይገባው ሕዝብ የለም። ካርል ፈገግ አለ።

«ኖ፣ ኖ። ታንክ ዩ።»

«በሞቴ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ተምሬያለሁ እኮ። «ኦኬ» አልኩት፣ እንደ አገሬው።

ካርል ግን ቶሎ አልሄደም። የቴሌስኮፑን ክዳን ከደነ፤ ከፈተ፤ መልሶ ከደነ። በመጨረሻ እግሮቹን አጣጥፎ ገባ። እኔም ወጥቼ ከማይክሮዌቩ ጋር እራቴን በላሁ።

ይህን ለትርሲት ያወራኋት ማርስ ደብዝዞ፣ ካርልም መውጣት ከተወ በኋላ፣ ዛሬ ነው። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«አባዬ፣ የዚህ አገር ሽማግሌዎች እኮ እንደናንተ ናቸው። አብራኝ የምትሠራ ነርስ፣ አባቴ ሦስቴ ካልተለመነ ኬክ አይቀምስም ትላለች።»

«ኖ ማለት ኖ ነው ያልሽኝስ?»

«እሱ ለወጣቶቹ ነው።»

«ታዲያ እሱ እኔን ለምን ደግሞ አልለመነኝም?»

«ለእሱም አንዱ፣ አበሻ ኖ ካለ ኖ ነው ብሎት ይሆናላ።»

ይኸው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አንዳችን የሌላውን ወግ አክብረን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ለየብቻችን እራት በላን።

ማርስ እስኪመለስ አልጠብቅም። ትርሲት ይህን ጽፋ እንደጨረሰች ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ እኔ አንድ ፎቅ እወርዳለሁ። አንድ ጊዜ ጠርቼዋለሁ። ሁለት ይቀረኛል።