ጋሼ ሥነ ሥርዓት እና ባለ ፕሮፔለሩ መኪና

ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንድ እጅ አለ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ተስማምተናል» ሊል አፉን ሲከፍት ከኋላ ወንበር ቀስ ብሎ የሚነሣ እጅ። የተከራዮች ስብሰባ ይሁን የወላጆች፣ ይህ እጅ አይቀርም። «ይቅርታ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ይላል ባለእጁ፤ ወደ ቤቱ ሊሄድ ኮቱን የደረበው ሁሉ መልሶ ይቀመጣል።

በመኪና እሽቅድድም ክበቡ ይህ እጅ የጋሼ ሥነ ሥርዓት ነበር። እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ፤ በከተማው መሪ ከጨበጠው ሰው ግማሹን ጥለውታል። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ከሙሽራዪቱ ጋር ከኋላ ተቀምጠው ሳለ «ፍሬቻ ሳታሳይ ታጠፍክ» ብለው ሚዜያቸውን አስቁመው ወደ ኋላ አስመልሰውታል።

ክበቡ ዳኛ ካደረጋቸው ወዲህማ አያድርስ ነው። አንድ ዓመት አንደኛ የወጣውን «በርህ በደንብ አልተዘጋም» ብለው ሰረዙት። ሁለተኛው ዋንጫውን ሊቀበል እየሮጠ ሲመጣ «ሞተር ሳታጠፋ ወረድክ» አሉት። ዋንጫው ባለቤት አጥቶ በጽሕፈት ቤቱ የእርሳስ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።

የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ቬንትሌተር ጠጋኝ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስላረፉ ያሳደጉት ጋሼና ባለቤታቸው ናቸው። ይህ ሰው ከወዳደቀ ብረት አንዲት መኪና ሠራ፤ ከኋላዋ በአውሮፕላን አፍንጫ ላይ የሚሽከረከረውን ዓይነት ትልቅ የእንጨት ፕሮፔለር ገጠመላት፤ ሰው እንዳይጎዳ ዙሪያውን በአልጋ ሽቦ አጠረው። ሞተሩ ጎማዎቹን አይነካም። ፕሮፔለሩ አየሩን ወደ ኋላ ሲገፋ መኪናዋ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ጎማዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ። ሕልሙ አንድ ነበር፤ በክበቡ ዓመታዊ ውድድር ላይ ከሌሎቹ መኪኖች ጎን መሰለፍ።

ጋሼ ሊመረምሯት ሜዳ ወረዱ። ከመኪና ኋላ ቆሞ የፍሬን መብራት ማየት የፈታኝነት ዘመናቸው ልማድ ነው፤ እንደ ልማዳቸው ሄደው ከኋላ ቆሙ። ፕሮፔለሩ ሲነሣ ባርኔጣቸው በረረ። የኮታቸው ጅራት ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ከእጃቸው የማይለየው የውድድር ደንብ ገጽ በገጽ እየተበተነ ሜዳውን ሞላው። ክቡርነታቸው ያን ጊዜ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ደንገጥ ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። ከጠጋኙ በቀር ሰው አልነበረም፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቷቸው መሪው ላይ ተቀምጧል።

በስብሰባው ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ።

«ጎማው በሞተር ካልዞረ ይኼ ጋሪ ነው» አለ ባለታክሲው።

«ጋሪ ከሆነ ምን አስፈራህ? ቅደመዋ!» አለችው የጥርስ ሐኪሟ።

«ቢቀድመኝስ? ልጆቼን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

ክርክሩ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ ወደ ጠጋኙ ማዘንበል ጀመረ። ሰብሳቢው «እንግዲህ ተስማምተናል» ሊል ሲል ያ እጅ ተነሣ። ጠጋኙ የጋሼን እጅ ሲያይ ፈገግ ብሎ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አሉ ጋሼ። «በፕሮፔለር የሚሄድ ነገር አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ከሆነ ፓይለቱ ፈቃዱን ያሳየን።»

«ጋሼ፣ አይበርም እኮ!»

«አለመብረሩ የአውሮፕላኑ ጉድለት ነው። መኪና አያደርገውም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ከሳቀ በኋላ ደግሞ ማን ያስባል? ድምፅ ተሰጠ፣ መኪናዋ ወደቀች። ጠጋኙ «እሺ ጋሼ» ብሎ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ጋሼ ለዘመዳቸው አደሉ እንዳይባሉ ነው ያደረጉት። ለራሳቸው እንዲያ አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ያ የሜዳው ሳቅ አስፈርቷቸዋል። ደስ ያለው ዳኛ ምን ዳኛ ነው?

ማታ ባለቤታቸው ራት አቀረቡና «በገዛ ልጄ ላይ ሰው አሳቅህ» አሉ። ከዚያ ሳህኑን አንሥተው ገቡ።

የውድድሩ ቀን ሁሉም በደንቡ ሄደ። ጋሼ ከያንዳንዱ መኪና ኋላ ቆሙ። ጭስ ብቻ ነበር። ባርኔጣቸው ከራሳቸው ንቅንቅ አላለም፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ሰልችቷቸው አያውቅም። በቀጣዩ ስብሰባ ራሳቸው እጃቸውን አንሥተው ለባለ ፕሮፔለር መኪኖች ልዩ ምድብ ይከፈት አሉ። በጭብጨባ አለፈ። ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ገሠገሡ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። መኪናዋ ፈርሳለች። ፕሮፔለሩ ብናኝ እንዲያስወጣ በጎረቤቱ አናጺ መስኮት ላይ ተገጥሟል፤ ማብሪያው በጠጋኙ ሱቅ በኩል ነው።

«ጥሩ ነው ጋሼ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል» አለ ምድቡን ሲነግሩት።

«አንተስ? ሌላ አትሠራም?»

ጠጋኙ የያዘውን ቬንትሌተር አስቀመጠ። «መኪናዋ የጎን መስታወት ነበራት። ያለ መስታወት ብመጣ እንደሚጥሉኝ ስለማውቅ ከሁሉ በፊት የገጠምኩት እሱን ነው። ያን ቀን ሜዳ ላይ ሲስቁ አይቻለሁ። አሳድገውኛል፣ እንዲያ ሲስቁ ግን አይቼ አላውቅም። ስብሰባው ላይ እጅዎን ሲያነሡ ታዲያ…» ብሎ ተወው።

ጋሼ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአናጺው መስኮት ውጭ ይቆማሉ። አናጺው «ምን ጎደለ ጋሼ?» ሲላቸው «ቁጥጥር ላይ ነኝ» ይላሉ። የእንጨት ብናኝ ጢማቸው ላይ ያርፋል። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፣ ሳቁ ግን አልመለስ ብሏል። በግድግዳው ወዲያ ማዶ ጠጋኙ መምጣታቸውን ሲሰማ የፕሮፔለሩን ፍጥነት ከፍ ያደርግላቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከመስኮቱ ጎን አዲስ ነገር አዩ፤ የመኪናዋ መስታወት ነው። ከሱቁ ሆኖ ለሚያይ ሰው እሳቸው የሚቆሙበትን ቦታ እንዲያሳይ ዞሮ ተገጥሟል። ትንሽ ጠመም ብሏል። ደንብ ለሚያውቅ ሰው መስታወት እንዲያ አይገጠምም። ጋሼ እንደ ስብሰባው እጃቸውን አነሡ፤ መስታወቱን እንደ ጠመመ ትተው መልሰው አወረዱት።