«አላወቅከኝም እንዴ?»

አዲስ አበቤን ለመዝረፍ ሽጉጥም ጩቤም አያስፈልግም። ደውሎ «አላወቅከኝም እንዴ?» ማለት ይበቃል! እመኑኝ፣ የዚህ ከተማ ሰው «አዎ፣ አላወቅኩህም» ብሎ ከሚመልስ ቤቱን ከነቁልፉ ቢያስረክብ ይቀለዋል። እርስዎም ያው ነዎት፤ አይሳቁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጎተራ ኮንዶሚኒየም በረንዳችን ላይ ካልሲ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ጌቾ! ምነው ጠፋህ?»

«አለሁ... አንተስ እንዴት ነህ?»

«አላወቅከኝም እንዴ?»

«እንዴ! እንዴት አላውቅህም!»

አላወቅኩትም። ግን ነገሩን ተረዱልኝ። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤት ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህ ባልታወቀ ቁጥር በተደወለልኝ ቁጥር ከእነሱ አንዱ ይመስለኛል። ይናፍቁኛል። በተለይ አንድ አጥር ተጋርተን ያደግነው ደረጀ በጣም ይናፍቀኛል።

«ደሬ ነህ አይደል?» አልኩት።

ሰውየው ስሙን ገና መስማቱ ነበር። «ጎበዝ! ድምፄን አልረሳኸውም ማለት ነው!»

ስም ያወጣሁለት እኔ፣ የተመሰገንኩትም እኔ... ደስ አለኝ። ከልማድ «እነ እማማስ?» አልኩት። «ደህና ናት፣ ሰላም በልልኝ ብላሃለች» አለ። የደረጀን እናት ከቀበርናቸው ቆይቷል፤ ድንኳን ከተከሉት አንዱ ነበርኩ። ግን ሰው ናፍቆት ሲደውል እንዲህ ያለ ነገር ይነሳል? ነውር ነው። «አንተም ሰላም በልልኝ» አልኩ።

«ስማ፣ የድሮ ሰፈር ልጆች ግሩፕ ከፍተናል። ላስገባህ ነው። አሁን ስልክህ ላይ ኮድ ይመጣልሃል፣ በቃ እሱን አንብብልኝ።»

ኮዱ መጣ። ከሥሩ «ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይሰጡ» ይላል። ለማንም ይላል እንጂ ለደረጀ አይልም። አነበብኩለት። እንዳይሳሳት ብዬም ደገምኩለት።

ግሩፑ ውስጥ አልገባሁም። ይልቁንም መልእክት ከምጻጻፍበት ከገዛ አካውንቴ ወጣሁ። ካልሲው ሳይደርቅ ባለቤቴ ሰናይት ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ቆመች።

«ጌታሁን፣ እናቴን ገንዘብ ጠይቀሃታል እንዴ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

«ታዲያ በአንተ ስም፣ ያውም በአንተ ፎቶ ማነው የጻፈላት? አሁን ደውላልኝ ‹ለቂርቆስ ዝክር ያስቀመጥኩትን ልልክለት ወደ ባንክ ልወጣ ነው› ብላኝ ሳልመልስላት ዘጋችው። መልሼ ብደውል አታነሳም!»

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። አማቴ ወይዘሮ ብርቄ ለዚያ ዝክር ከጡረታቸው እየቆነጠሩ ነው ያጠራቀሙት። በእኔ ኮድ ምክንያት ዝክሩ ቢቀር፣ እንኳን አማቴ ቂርቆስም ይቅር የሚለኝ አልመሰለኝም። በነጠላ ጫማ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በመንገዴ ሁሉ ያናደደኝ መዘረፌ ብቻ አልነበረም። ሰውየው ደሬ አለመሆኑ ከፍቶኝ ነበር።

መስቀል ፍላወር ስደርስ አማቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ከበራቸው እየወጡ ነው።

«እማማ፣ እንዳይልኩ! እኔ አይደለሁም!»

«አንተ ካልሆንክ ማነህ ታዲያ?»

«ማለቴ... እኔማ እኔ ነኝ። የጻፈልዎ ነው እኔ ያልሆነው።»

መነጽራቸውን አውጥተው ስልካቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። እንደገና ስልኩን አዩ።

«ይኸው፣ ‹እማማዬ፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ?› ይላል። አንተ ልጄን ካገባህ ጀምሮ ስለ ጉልበቴ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«...አላውቅም።»

«እንግዲያው አጭበርባሪው የትኛችሁ ነው?»

ሌባው የቆዩ መልእክቶቻችንን አንብቧል። እሳቸው ስለ ጉልበታቸው በረጅሙ የጻፉልኝን፣ እኔ «ኦኬ» ብዬ የመለስኩትን ሁሉ! አንድ ጠዋት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከእኔ የተሻለ አማች ወጥቶታል።

ደግነቱ ሰናይትን በስልካቸው አገናኘኋቸውና እሷ ጮኻ አሳመነችልኝ። ገንዘቡ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። እኔም እዚያው ሳሎን ቁጭ ብዬ ማስተማር ጀመርኩ።

«እማማ፣ ኮድ ለማንም አይሰጥም። ገንዘብ በጽሑፍ የጠየቀ ሰው ካለ ደውለው ድምፁን ይስሙ። ‹አላወቅሽኝም ወይ› የሚል ከመጣ ደግሞ፣ ስም እንዳያወጡለት። ‹አላወቅኩህም› ብሎ መዝጋት ነው።»

«ኧረ በስመ አብ! ሰውን እንዴት አላወቅኩህም ይባላል? ቢቀየመኝስ?»

«ይቀየም። እስቲ ይሞክሩት።»

መጀመሪያ ከአፋቸው አልወጣም። ቀጥሎ «አላወቅኩህም፣ ይቅርታ አድርግልኝ የኔ ልጅ» አሉ። ይቅርታውን እስክናስወጣው ድረስ ምሳ ደረሰ።

እሁድን የጉልበቱ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ሌባ ጠይቆ እኔ አልጠይቅ? ሰኞ ቢሮ እንደገባሁ ሥራ ሳልጀምር በቢሮው ስልክ ደወልኩላቸው።

«እማማዬ፣ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ?»

«ማን ልበል?»

ከፋኝ። ከልቤ ነው የጠየቅኳቸው... ሳላስበውም ከአፌ አመለጠኝ።

«እንዴ እማማ፣ አላወቁኝም እንዴ?»

«አላወቅኩህም!» አሉና ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ። ይቅርታ እንኳ አላሉም።