በካልሲ የቆመው ጓድ

ያገራችሁ ልጅ ባሕር ማዶ «ጓድ» ሆኖ ቆይቷችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። በደርግ ዘመን ሞስኮ ስማር፣ ላሊበላ አብረውኝ ያደጉትን መኮንንንና ደሳለኝን ልጠይቅ በባቡር ኪየቭ ሄድኩ። ደሳለኝ የተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል። ሦስት ዓመት ተለያይተን፣ ገና ሳንሳሳም ስለ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ያስረዳኝ ጀመር!

ከተማውን ሲያስጎበኘን ሐውልት ባየ ቁጥር ያስቆመናል። ምን እንበለው? ለኤምባሲው አንድ ደብዳቤ ቢጽፍብን ትምህርታችን አበቃ። ከሰዓት በኋላ ሙዚየም ወደተደረገ የዋሻ ገዳም ወሰደን።

«የድሮውን ጨለማ እዩት» አለን።

ከዋሻው የሚወጣው ብርድ የላሊበላውን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን፣ የነአኩቶ ለአብን ይመስላል። ድንገት የሙዚየሙ አሮጊት ጠባቂ ጮኸች። ዞር ስንል ጓድ ደሳለኝ ጫማውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ በካልሲ ቆሞ፣ ግንባሩን መቃኑ ላይ አስደግፏል።

«ምን ሆንክ?» አለው መኮንን።

«እግሬን አሞኝ ነው።»

«ግንባርህንስ?»

ደሳለኝ ፊቱ ቀላ። ከዚያ በዚያው በስብሰባ ድምፁ፣ «ምን ትገተራላችሁ? አውልቁ እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው!» ብሎ ጮኸብን።

እኔና መኮንን ተያየን፤ ጎንበስ ብለንም የጫማችንን ክር ፈታን። ከዚያ ዋሻ ሦስታችንም ጉንፋን ይዞን ወጣን፤ ደብዳቤ የጻፈ ግን የለም።